ዳገት እንደ መድኃኒት፦ በጉልምስና ዕድሜ የእንጦጦን መንገድ ስንጀምር

የነገሩ መነሻ ደረጃ ነበር። ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር መጨረሻ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት መብራት ጠፍቶ የሕንፃችን አሳንሰር ቆመ። እኛም፣ ይኸውም ዕድሜያችን ከ44 እስከ 56 ዓመት የሆነ አምስት መምህራን፣ በአራተኛው ፎቅ ለሚካሄድ ስብሰባ በእግራችን መውጣት ግድ ሆነብን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ አንዳችን የመስኮቱን ደፍ ተደግፎ ቆመ፤ ሌላው ጥሪ የመጣለት መስሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ የቀረነውም ማስታወቂያ የምናነብ መሰልን። በዚህ መካከል ሦስት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች እየተሳሳቁ በአጠገባችን አልፈው ወጡ። «እንደምን አደሩ፣ መምህር?» ሲሉን፣ እጃችንን ከማንሣት በቀር ለመመለስ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረንም።

ከመካከላችን አንዱ የደም ዝውውርን ለሃያ ዓመታት ያስተማረ የሥነ ሕይወት መምህር ነው። ሌላው በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ስለ ሥራና ጉልበት ቀመር የሚያስረዳ የፊዚክስ መምህር ነው። በዚያው ሳምንት የሥነ ሕይወቱ ባልደረባችን ለሌላ ጉዳይ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ሲመረመር፣ በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳሩ 118 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ የደም ግፊቱም 146 በ94 ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው 48 ነበር። አባቱ በ53 ዓመታቸው በጭንቅላት ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት ግማሽ አካላቸው እንደማይታዘዝ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ መቆየታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሙ ስኳሩ ገና የስኳር በሽታ ከሚባልበት ደረጃ እንዳልደረሰ ገልጾ፣ የአመጋገብ ለውጥና በየሳምንቱ ሳያቋርጥ የሚደረግ የእግር ጉዞ አዘዘለት። ባልደረባችን ይህን ሲነግረን ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «አምስት ዓመት አለኝ» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

በዚህ ጽሑፍ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በየቅዳሜው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ ያየነውንና፣ ስለ ዳገት፣ ስለ ልብና ስለ ጡንቻ ሳይንስ የሚለውን ለአንባቢያን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮ ሜዳ ተገናኘን። የሀገር ባህል ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች ገና አልተከፈቱም። ሁለታችን የስፖርት ጫማ፣ ሁለታችን ተራ ሸራ ጫማ፣ አንዳችን ደግሞ የሥራ ጫማ አድርገናል። ለስንቅ ቆሎና ውኃ ይዘናል።

የሠራነው የመጀመሪያ ስህተት ሁሉም ጀማሪ የሚሠራው ነው። በወጣትነታችን እንደምንሄደው ሄድን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጭውውታችን ተቋረጠ፤ ጥቂት ቆይቶም ሁላችንም በየአፋችን የምንተነፍስ ሆንን። የሥነ ሕይወቱ ባልደረባችን ቆም ብሎ የእጁን አንጓ ይዞ የልብ ትርታውን ለ15 ሰከንድ ቆጠረና በአራት አባዛው፤ በደቂቃ 168 ሆነ። እንደሚታወቀው የአንድ ሰው ከፍተኛ የልብ ትርታ በግምት ከ220 ላይ ዕድሜው ተቀንሶ ይገኛል። ለ48 ዓመት ሰው ይህ 172 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የቀረበው ሌላው ቀመር፣ ማለትም 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጅ፣ 174 ገደማ ይሰጣል። በየትኛውም ቢሰላ ባልደረባችን ልቡን ወደ መጨረሻው ጣሪያ አስጠግቶት ነበር። ለመካከለኛ ጥረት የሚመከረው ከከፍተኛው ከ64 እስከ 76 በመቶ ያለው ክልል ነው፤ ይህም ለእርሱ በደቂቃ ከ110 እስከ 131 ትርታ ማለት ነው።

መለኪያ ለሌለው ሰው ደግሞ የንግግር ፈተና የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። እየተራመዱ ያለ ችግር መነጋገር ከተቻለ፣ ነገር ግን መዝፈን ካልተቻለ፣ ጥረቱ መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃላት ተናግሮ ለትንፋሽ ማቆም ካስፈለገ ጥረቱ ከባድ ሆኗል። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የእኛ ደንብ ይህ ሆነ፦ ወሬ ሲቋረጥ እርምጃ ይቀንሳል።

መንገድ ዳር ተቀምጠን ስናርፍ፣ ከላይ በኩል የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ወረዱ። ሸክሙ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ አልፎ ስለሚወጣ መንገዱን ሞላው። በዕድሜ የገፉት አንዷ ቆመው ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው አዩን።

«ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው በማለዳ እንዲህ የምትባዝኑት?»

«ጤናችን ጠፍቶን ነው፣ እማማ» አለ ፊዚክስ አስተማሪው፣ ሊያስቅ ፈልጎ።

«እኛ እዚሁ ዳገት ላይ የጨረስነውን እናንተ ልትፈልጉት መጣችሁ?» አሉና ሸክማቸውን አንሥተው ወረዱ።

ያኔ ሳቅን። ወደዚህ ንግግር ግን ኋላ እንመለሳለን።

ከለንደን አውቶቡስ እስከ ዳላስ አልጋ

እንቅስቃሴ ልብን ይጠብቃል የሚለው አሳብ ዛሬ ለሁሉም ግልጽ ይመስላል። ሆኖም በመረጃ የተደገፈው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ብሪታኒያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የለንደንን የትራንስፖርት ሠራተኞች አነጻጸሩ። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሹፌር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱ በአንድ ተሽከርካሪ ይሠራሉ፣ አንድ ዓይነት አየር ይተነፍሳሉ። የልብ ደም ሥር በሽታ ግን በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሲይዛቸውም ድንገት የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ነበር።

በዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ሊማሩበት የሚገባ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሹፌሮቹን ያሳመማቸው መቀመጥ ነው ወይስ ሥራውን ሲጀምሩም የተለዩ ሰዎች ነበሩ? ሞሪስ ይህን ለማወቅ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ መረመረ። የሹፌሮቹ የሱሪ ወገብ ከትኬት ቆራጮቹ ሰፍቶ ተገኘ፤ በቅጥር መጀመሪያ ላይም ቢሆን። ይህ ማለት ልዩነቱ ሁሉ ከሥራው የመጣ ነው ለማለት አያስደፍርም። ሞሪስ ግን ጥያቄውን በሌሎች የሥራ ዘርፎችም ፈትሾ ነበር፤ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉትን የፖስታ ሠራተኞች ከተቀማጭ የቢሮ ሠራተኞች ጋር አነጻጸረ። ውጤቱ ወደዚያው አቅጣጫ አመለከተ። ሞሪስ ራሱ በእንቅስቃሴ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 ዓመቱ አረፈ።

ለጎልማሶች ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የዳላስ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ዕድሜያቸው 20 ዓመት የሆነ አምስት ጤነኛ ተማሪዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ እንዳይነሡ ተደረገ። ሰውነታቸው በከፍተኛ ጥረት ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀነሰ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች እንደገና ተጠሩ። ሁሉም ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ክብደታቸው በአማካይ በሩብ ገደማ ጨምሯል፤ የሰውነታቸው የስብ ድርሻም ከ14 በመቶ ወደ 28 በመቶ በእጥፍ አድጓል። ሲለኩ ግን የኦክስጅን አቅማቸው የቀነሰው ከአሥረኛው እጅ ብዙም ባልበለጠ መጠን ነበር። በሌላ አነጋገር የሦስት ሳምንት መተኛት ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ የባሰ ጉዳት አድርሶ ነበር።

ከዚያም ለስድስት ወር ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ የእግር ጉዞ፣ የሶምሶማ ሩጫና የብስክሌት ልምምድ ተሰጣቸው፤ መጨረሻ ላይ በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ደረሰ። የኦክስጅን አቅማቸውም በ20 ዓመታቸው፣ ከመተኛታቸው በፊት ወደነበረው ደረጃ ተመለሰ። ይህን ለውጥ ያመጣው በዋናነት ልባቸው የሚረጨው ደም መጨመሩ አልነበረም። ጡንቻዎቻቸው ከደሙ ውስጥ ብዙ ኦክስጅን መውሰድን መልሰው ተማሩ። አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም እኛም አምስት ስለነበርን፣ ይህን ጽሑፍ አንብበን በጨረስንበት ቀን ሁለተኛውን ቅዳሜ ለመቅረት ያሰበው ባልደረባችን አሳቡን ለወጠ።

ስንት ዋት ነን?

ፊዚክስ አስተማሪው ጉዳዩን በስሌት ካላየው አይረካም። ለስሌቱ እንዲመች የምንወጣውን ከፍታ 500 ሜትር፣ የአንድ ሰው ክብደት ደግሞ 80 ኪሎ ግራም እንበል። ሰውነትን ወደ ላይ ለማንሣት የሚደረገው ሥራ የግዝፈት፣ የመሬት ስበትና የከፍታ ብዜት ነው፤ 80 በ9.8 በ500 ሲባዛ 392,000 ጁል ይሆናል። ይህ በምግብ መለኪያ ሲገለጽ 94 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ20 እስከ 25 በመቶውን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በዳገት ላይ የሚያልበንም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሰውነታችን ለመውጣት ብቻ ከ375 እስከ 470 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል።

ይህ ቁጥር ደስ ያሰኘውን ያህል ያሳዝናል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ አንዲት ኪሎ ለመቀነስ ምግብ ሳይጨምሩ እንጦጦን ሃያ ጊዜ ያህል መውጣት ይጠይቃል። በየቅዳሜው ለሚወጣ ሰው ይህ አምስት ወር ነው። ከዳገቱ ወርዶ ሁለት ፓስቲና በስኳር የጣፈጠ ሻይ የሚያዝ ሰው ደግሞ ያወጣውን አብዛኛውን መልሶ ይተካል። እኛም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ክብደትን ብቻ ተስፋ አድርጎ የሚጀምር ሰው ፈጥኖ ያቋርጣል። የዳገቱ ጥቅም በሚዛን ላይ ከመታየቱ በፊት በልብ፣ በደም ሥርና በጡንቻ ውስጥ ይጀምራል።

ሌላው ስሌት የበለጠ አበረታን። በመጀመሪያው ቀን እስከ ማርያም ለመድረስ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ማለትም 6,600 ሰከንድ ፈጀብን። 392,000 ጁል ለ6,600 ሲካፈል 59 ዋት ነው። አምስት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ እያንዳንዳችን ከአንድ ባለ 60 ዋት አምፖል እኩል መሆናችንን ፊዚክስ አስተማሪው በነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፎ አሳየን።

የከፍታው አየር

ብዙ ሰው በተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያንሳል ብሎ ያስባል። ድርሻው አይለወጥም፤ በባሕር ወለልም ሆነ በእንጦጦ አናት 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ የሆነው ግፊት፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ ወደ 70 ይወርዳል። ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው የኦክስጅን መጠን፣ ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋውም ኃይል አብሮ ይቀንሳል። ለዚህ ነው በእንጦጦ ላይ ያለ ዳገት በቆላ ካለ እኩል ዳገት ይልቅ የሚከብደው። ታዋቂ ሯጮቻችን በዚህ ተራራ ላይ የሚለማመዱትም ሰውነታቸው በዚህ ቀጭን አየር ውስጥ መሥራትን እንዲለምድ ነው።

ከአምስታችን አንዱ ተወልዶ ያደገው በድሬዳዋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «እናንተ ደገኞች ስለሆናችሁ ነው» እያለ ይቀልድብን ነበር። ቀልዱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው፣ የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠንና በደማቸው የተያዘው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሕዝቦች በአንጻሩ ደማቸው በሄሞግሎቢን የበዛ ነው፤ በቲቤት ያሉት ደግሞ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ያለ ነው። በሦስት አህጉራዊ ስፍራዎች ያለ የሰው ልጅ አንዱን ችግር በሦስት መንገድ ፈታው ማለት ነው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ውስጥ በቢሮ ወንበር ላይ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ደገኛ ከዚህ ውርስ ብዙ እንዳልተጠቀመ የመጀመሪያው ቅዳሜ አሳይቶናል። የድሬዳዋው ባልደረባችን ከሦስት ወር በኋላ ከሁላችን ቀድሞ ይወጣ ጀመር።

ቁልቁለት ቀላል ይመስላል

ከመጀመሪያው ጉዞ ማግሥት፣ እሑድ፣ ደኅና ነበርን። ሰኞ ጠዋት ግን ከአልጋ መነሣት ተቸገርን፤ ደረጃ መውረድማ እንደ ሕፃን የእጅ መደገፊያ ይዞ ሆነ። ብዙዎች ይህ ሕመም ከላክቲክ አሲድ የመጣ ነው ይላሉ። ነገር ግን በጥረት ጊዜ በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ላክቴት ካረፍን በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጠራል፤ ከሁለት ቀን በኋላ የሚመጣ ሕመም ከእርሱ ሊሆን አይችልም።

ምክንያቱ የቁልቁለቱ መንገድ ነው። ስንወጣ የጭናችን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ስንወርድ ደግሞ ያው ጡንቻ አካላችን እንዳይወድቅ እንደ ፍሬን ሆኖ ይይዛል፤ ይኸውም እየተለጠጠ ይኮማተራል። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ለትንፋሽ ቀላል ቢሆንም በጡንቻ ክሮች ውስጥ ጥቃቅን መሰነጣጠቅ ያስከትላል፤ እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ብግነት ሕመሙን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያጠነክረዋል። መልካሙ ነገር ጡንቻው ሲጠገን ጠንክሮ መጠገኑ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ሕመሙ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ በአምስተኛው ረሳነው።

ቁልቁለት የራሱ ጥቅም እንዳለውም ታይቷል። በኦስትሪያ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ 45 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ወር ተራራውን በእግር ወጥተው በሽቦ ገመድ በሚጓዝ ተሽከርካሪ እንዲወርዱ፣ ለሌላ ሁለት ወር ደግሞ በተሽከርካሪው ወጥተው በእግር እንዲወርዱ አደረጉ። መጎ ኮሌስትሮላቸው በሁለቱም ቀነሰ። መውጣት ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ቅባት ሲቀንስ፣ መውረድ ደግሞ ሰውነት ስኳርን የማስተናገድ ችሎታውን አሻሻለ። ለባልደረባችን ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ እንኳ የስኳር በሮቹን ወደ ሕዋሱ ግድግዳ አውጥቶ ከደም ውስጥ ግሉኮስ ይስባል፤ ይህ በር ከጉዞው በኋላም ለሰዓታት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ኢንሱሊን በደንብ ለማይታዘዝለት ሰው ጡንቻ ሁለተኛ መንገድ ነው።

ያላሰብነው ቅዳሜ

በጥር ወር፣ በአሥራ ሦስተኛው ጉዟችን ላይ፣ ከመካከላችን ትልቁ፣ የ56 ዓመቱ፣ በድንገት ቆመ። ደረቱን የሆነ ነገር እንደጨመቀው፣ ግራ ክንዱም እንደከበደው ተናገረ። አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ ለቀቀው። «ትናንት ማታ የበላሁት ይሆናል፤ እንቀጥል» አለ። ሁለታችን እንቀጥል ስንል ሁለታችን እንመለስ አልን። እንዲያውም እርሱ ራሱ «ለእኔ ብላችሁ አትመለሱ» እያለ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ ሄደ። ጭንቀቱ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ክርክሩ አበቃ።

በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ደረሰ። በተከታዩ ሳምንት በተደረገለት ምርመራ ከልብ ደም ሥሮቹ አንዱ መጥበቡ ታወቀ። ዳገቱ በሽታውን አልፈጠረም፤ የልብ ጡንቻ ሥራው ሲበዛበት የሚፈልገውን ደም ስላላገኘ ተደብቆ የነበረው ተገለጠ። ደረጃ መውጣት ትቶ በአሳንሰር በሄደ ቁጥር ምልክቱን ራሱ ሲሸሸው ኖሮ ነበር። ሕክምናውን አግኝቶ፣ ከሁለት ወር ዕረፍት በኋላ በሐኪሙ ፈቃድ በሜዳ ላይ መራመድ ጀመረ።

ስህተቱ የሁላችንም ነበር። ከጀመርንበት ቀን በፊት የተመረመረው አንዳችን ብቻ ነበር፤ እርሱም በአጋጣሚ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ፣ የሚያጨስ፣ ወይም በቤተሰቡ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ዳገት ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። በጉዞ ላይ የደረት መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ማዞር፣ ወይም ከጥረቱ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ መቆምና ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ይሉኝታ በዚህ ቦታ ሰው ይገድላል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው እንመለስ ካለ ያለ ክርክር እንመለሳለን።

የእማማ ጥያቄ

አሁን ወደ እንጨት ተሸካሚዋ እናት እንመለስ። እንቅስቃሴ ጤና ከሆነ፣ በየቀኑ ይህን ዳገት የሚወጡና ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከሁላችን የበለጠ ጤነኞች መሆን አልነበረባቸውምን? እርሳቸው ግን ጤናቸውን እዚያ እንደጨረሱ ነገሩን።

በዴንማርክ ከ100,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ይመለከታል። በዕረፍት ጊዜያቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች የልብ ሕመምና የሞት አደጋ ሲቀንስላቸው፣ በሥራቸው ላይ ከባድ የአካል ጥረት ያለባቸው ግን አደጋው ጨምሮባቸው ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል፣ ከባድ ሸክም የደም ግፊትን ለረጅም ሰዓት ከፍ አድርጎ ማቆየቱና በቂ የማገገሚያ ዕረፍት አለመኖሩ ይገኛሉ። የለንደኑ ትኬት ቆራጭ ደረጃ ሲወጣ በጀርባው ላይ እንጨት አልነበረም።

ልዩነቱ እንግዲህ በዳገቱ ላይ አይደለም። እኛ ስንደክም እናርፋለን፤ እርሳቸው ሲደክሙ ገበያ ያልፍባቸዋል። እኛ በሳምንት አንድ ቀን ወጥተን ስድስት ቀን ጡንቻችን ይጠገናል፤ የእርሳቸው ጡንቻ ሳይጠገን ይነጋል። እኛ ወርደን እንበላለን፤ እርሳቸው የሚበሉት በሸጡት ልክ ነው። ያው ዳገት በመጠን ለሚወስደው መድኃኒት፣ ያለ ምርጫ ለሚጋተው ሸክም ይሆናል። ስለዚህ «ገበሬውና ተሸካሚው ስፖርት ስለሚሠሩ አይታመሙም» የሚለውን አባባላችንን ትተነዋል።

ከአሥር ወር በኋላ

እስከ ነሐሴ ድረስ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ወጥተናል። በሐምሌ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ስለሚያንሸራትት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በተነጠፉት መንገዶች ላይ ሄድን። በሥራ ቀናት ደግሞ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር መመላለስ ጀመርን፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሚመክርና አንድ ቅዳሜ ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

የሥነ ሕይወቱ ባልደረባችን ክብደት ከ84 ወደ 79 ኪሎ ግራም፣ የባዶ ሆድ ስኳሩ ከ118 ወደ 101፣ የደም ግፊቱም ወደ 134 በ86 ወርዷል። ግፊቱ ገና ክትትል ይፈልጋል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ማርያም የሚፈጅብን አሁን አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው፤ ፊዚክስ አስተማሪው እያንዳንዳችን 93 ዋት ገደማ መድረሳችንን አስልቶ ነግሮናል። ነገር ግን እውነቱን እንናገር። የእኛ ጉዞ ጥናት አይደለም፤ የማነጻጸሪያ ቡድን የለንም፣ አምስት ሰዎች ነን፤ ባልደረባችንም በዚያው ጊዜ በሻይ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር ትቷል። ከለውጡ የትኛው የዳገቱ፣ የትኛው የሻዩ እንደሆነ ለመለየት አንችልም። አንድ ባልደረባችን ደግሞ በመጋቢት ጉልበቱን አሞት ካቋረጠ በኋላ አልተመለሰም፤ ይህም ከውጤቱ ሊቆጠር ይገባል።

በነሐሴ መጨረሻ የ56 ዓመቱ ባልደረባችን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ዳገቱ መጀመሪያ ድረስ አብሮን መጣ። ከዚያ በላይ ሐኪሙ ገና አልፈቀደለትም። ከአንድ የሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጦ ጠበቀን። ስንመለስ ለሁላችንም ሻይ አዝዞ ነበር፤ ያለ ስኳር።

ውድ ወጣት አንባቢያን፣ ይህ የጎልማሶች ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን በዳላስ ሦስት ሳምንት የተኙት የ20 ዓመት ወጣቶች እንጂ ሽማግሌዎች አልነበሩም። በእኛ ሰውነት ላይ የተጠራቀመው ድካምም የጀመረው በአርባ ዓመታችን አልነበረም፤ ለፈተና ስናጠና ወንበር ላይ ውለን ባደርንባቸው ዓመታት፣ ልክ እናንተ አሁን ባላችሁበት ጊዜ ነው። አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። መብራት ኖሮ አሳንሰሩ ሲሠራም ደረጃውን ውጡ። በሦስተኛው ፎቅ ላይ ማስታወቂያ የሚያነብ መምህር ብታገኙም ሰላምታ ሰጥታችሁ አትለፉት፤ ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ እንደምንገኝ ንገሩት።